በስልክ የተጠራ ደቦ

እዚህ በስደት አገር፣ ግሪስሃይም ሰፈር የተከራየነውን የጸሎት አዳራሽ ግድግዳ እስከ ሰኞ ካላደስን ባለቤቱ ያስወጣናል። እርዱኝ ብዬ በስልክ ግሩፓችን ብጽፍ ሁሉም «አሜን» ብሎ መለሰ፤ የመጣችው ግን ፍሉግሃፈን፣ አየር ማረፊያው ውስጥ፣ አብራኝ የምታጸዳው ፊሊፒናዊት፣ ማሪሴል ብቻ ናት።

«እኛ አገር የጎረቤትን ቤት እንዳለ በትከሻችን ተሸክመን እናዛውራለን፤ ባያኒሃን ይባላል። የእናንተ ሰዎችስ?» አለችኝ። ተናደድኩ፤ አፈርኩም።

ጄሶውን በውሃ ሳቦካ የእርጥብ ጭቃ ሽታ መጣብኝ። ልጅ ሳለሁ የቤታችን ግድግዳ ፈርሶ እማዬ ደቦ እንድጠራላት ላከችኝ። ጎረቤታችን አባባ ታዬ፣ «እናትሽ እግር የላትም እንዴ?» አሉኝ። «ሁለት አላት!» ብዬ እያለቀስኩ ተመለስኩ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ በየቤቱ ዞረች። በማግስቱ ግቢያችን ጭቃ በሚረግጥ ሰው ሞላ። እኔማ እግሯን አይተው፣ አምነው የመጡ መስሎኝ ነበር።

ስልኬ አሁንም «አሜን» ይላል። ማሪሴልን «መጣሁ» ብያት ወጣሁና ከግሩፑ የአንዷን እህት የበር ደወል ደወልኩ።

«ውይ እህቴ፣ መልእክትሽን እኮ አይቼዋለሁ!»

«አውቃለሁ። ጫማሽን አድርጊ።»