ቺንጋው ከተቀየረ በኋላ የመጣ ድምፅ

ባለቤቴ በሕይወቱ የመጨረሻውን ሥራ የሠራው በመኪናችን ላይ ነው። በረዶ ከመጣሉ በፊት፣ ከአንዱ ሕክምና ወደ ሌላው እስኪሻገር ባረፈበት ሰሞን፣ ሲቲስኬፕ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ የታይሚንግ ቺንጋውን ቀየረ። እኔ መብራት ይዤለት ነበር። ቺንጋው ከሞተሩ ጎን በፕላስቲክ ተሸፍኖ የሚዞር ባለጥርስ የጎማ ቀበቶ ነው። ቢበጠስ ወይም ጥርስ ቢዘል ሞተሩ ከውስጥ እንደሚሰባበር የማውቀው፣ እሱ ሲሠራ የሚሠራውን ሁሉ እየነገረኝ ስለነበር ነው። ሥራው አውቶብስ መንዳት ነበር እንጂ መካኒክነት አልነበረም፤ የራሱን መኪና ግን ለማንም አያስነካም።

ሽፋኑን መልሶ ካሰረ በኋላ ሞተሩን አስነሳው። ድምፁን ያን ጊዜ ሰማነው። ኳኳታ አይደለም፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ዋይታ ነው፤ ከግድግዳ ወዲያ ያለ ጎረቤት ቤቱን በቫኪዩም ሲጠርግ የሚሰማውን ይመስላል። ነዳጅ ሲሰጠው ይወጣል፣ ሲለቀው ይወርዳል። ባለቤቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ትንሽ አዳመጠ።

«አዲስ ስለሆነ ነው፤ ሲሄድ ይለምዳል» አለኝ። ኮፈኑን ዘግቶ እጁን ሊታጠብ ገባ። ከዚያ በኋላ መኪናውን አልነዳውም። የገና በዓል ሳይደርስ ዐረፈ።

እስከ አርባው ድረስ ሰው ሲወስደኝና ሲመልሰኝ ስለነበር መኪናው ከጋራዥ አልወጣም። ወደ ሥራ ስመለስ ግን አስነሳሁት። የምሠራው ካስልሪጅ ሰፈር አጠገብ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ድምፁ እንዳለ ነበር። የማሞቂያው ነፋስ ሲበረታ ይሸፈናል፤ ቀይ መብራት ላይ ስቆም ተመልሶ ይመጣል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ፈለግሁ፤ ድምፁ የመጣው ከእሱ እጅ ነው ወይስ ከሌላ? ለሌላ ሰው ቀላል ጥያቄ ይመስል ይሆናል። እኔ ግን የእሱን እጅ አውቀዋለሁ። ያ እጅ ተሳስቶ ከሆነ፣ ያን ቀን ጋራዥ ውስጥ ቆሞ የነበረው ሰው እኔ ካሰብኩት በላይ ታሞ ነበር ማለት ነው። እኔም መብራት ይዤ ከአጠገቡ ቆሜ አላየሁም ማለት ነው።

ኤድመንተን ከተማ ያለችው ልጄ ስደውልላት ሁልጊዜ ያው ነው መልሷ።

«ማሚ፣ ጀስት ሽጪው። ላይክ፣ ለምን ትጨነቂያለሽ?»

«አባትሽ የሠራው ነው።»

«አይ ኖው፣ ማሚ፣ አውቃለሁ» ትልና ወደ ሌላ ወሬ ትሄዳለች።

መኪናውን የወሰድኩት ወደ ባለቤቴ የቅርብ ወዳጅ ነው። ዌስትዊንድስ አካባቢ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው፣ በዕድሜ ከእሱ የሚበልጡ ኤርትራዊ ናቸው። አሥመራ በአማርኛ የተማሩ ስለሆኑ ለአማርኛው ከእኔ የበለጠ ይጠነቀቁለታል። በቀብሩ ዕለት ሳጥኑን ከያዙት አንዱ ነበሩ። ሞተሩን አስነሥተው የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ እያንዳንዱ ዕቃ ላይ፣ እጀታውን ደግሞ ጆሯቸው ላይ አድርገው ሐኪም ልብ እንደሚያዳምጥ አዳመጡ።

«ባትሪውን የሚሞላው ኦልተርኔተር ነው» አሉኝ። «የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ደርቋል። ብርዱ ነው፤ ሲሞቅ ይተወዋል።»

ቺኑክ የሚባለው ሞቃት ነፋስ ከተራራው መጥቶ በረዶው በአንድ ቀን ውሃ ሆኖ ወረደ። ድምፁ ግን አልተወውም። ተመልሼ ሄድኩ። አሁን ደግሞ የመሪው ፓምፕ ነው አሉኝና ዘይት ጨመሩበት። አልተለወጠም።

በሁለተኛው ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ካቻቢቴው ሞተሩ ላይ ሁሉንም ይነካል። ባለቤቴ የዘጋው የፕላስቲክ ሽፋን ጋ ሲደርስ ግን ያልፈዋል። በመሃል በመሃል «ነፍሱን ይማረው፣ እጁ ወርቅ ነበር» ይላሉ። ለቅሶ ቤትም ሰው ሁሉ እንደዚያው ሲል ነበር። ያን ያህል ከተባለ በኋላ፣ ሚስቱ ፊት ቆሞ ሟቹ የሠራው ሥራ ተበላሽቷል ማለት ለእሳቸው ዓይነት ሰው አይሆንላቸውም። ስለዚህ ጥፋቱን ባለቤቴ ያልነካቸው ዕቃዎች ላይ ሲያዞሩት ከረሙ።

ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ አስቤ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የውጭውን ቺንጋ ያውጡትና ሞተሩን ያስነሡልኝ» አልኳቸው።

«ለምኑ?»

«ኦልተርኔተሩንም የመሪውን ፓምፕም የሚያዞረው እሱ አይደል? እሱ ሲወጣ ሁለቱም ይቆማሉ። ድምፁ ካልቆመ የእነሱ አይደለም።»

ሳቁ። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንሽው?»

«መብራት ያዥ ነበርኩ።»

«መብራት ያዥማ ከመካኒኩ ይበልጣል። መካኒኩ ሲሳሳት ቁጭ ብሎ ያያል» አሉና፣ ያሉትን ራሳቸው ሰምተው ፊታቸው ተለወጠ። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ጎንበስ ብለው የውጭውን ቺንጋ አወጡት። ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ የሚሸፍነው ነገር ስላጣ እንዲያውም ከበፊቱ ጠርቶ መጣ። ቶሎ አጠፉት።

«ይከፈት» አልኳቸው።

«ተይው፣ እህቴ። አዲስ ዕቃ አምጥቼ ሁሉንም እቀይረዋለሁ። ምን ሆኖ ነበር ብሎ መመርመሩ ለማን ይጠቅማል?»

«ለእኔ።»

ከፈቱት። ጊዜ ወሰደ፤ እኔም መብራቱን ያዝኩላቸው። ሽፋኑ ሲወጣ ባለቤቴ በነጭ ቀለም ያደረጋቸው ምልክቶች ታዩ። እሳቸው ሞተሩን በመፍቻ በቀስታ አዙረው ምልክቶቹን ተመለከቱ።

«ልክ ነው። አንድ ጥርስ እንኳ አልዘለለም» አሉ፤ ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር። ከዚያ ቺንጋውን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ትንሽ መርገብ ነበረበት፤ አልረገበም። «በጣም ከርሯል። ድምፁ የዚህ ነው። እንዲህ ሆኖ ቢቆይ፣ ይሄው ቺንጋ የሚያዞረውን የውሃ ፓምፕ ይገድል ነበር።»

«እሱ እንዲህ አያከርረውም ነበር።»

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ደግመው ጠረጉ።

«ጣቶቹ ደንዝዘው አይሰሙትም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «መድኃኒቱ ነው። እዚህ መጥቶ ነግሮኛል። ‹ጣቶቼ የእኔ አይመስሉኝም› አለኝ። ቡሎን ስታጠብቂ የሚበቃውን የሚነግርሽ እጅሽ ነው። እሱን የሚነግረው አልነበረም። እንዳይላላበት ፈርቶ ጨመረበት።»

«መቼ ነገረዎት?»

«ሊሠራው ሲል። ‹አምጣውና እኔ ልሥራልህ› አልኩት፣ እምቢ አለኝ። ‹ለእሷ እንዳትነግራት› አለ።»

«ለምን?»

«መፍቻውን ትቀማኛለች ብሎ ነዋ።»

ሁለታችንም ሳቅ ሊያመልጠን ደረሰ። እውነቱን ነው፣ እቀማው ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሳቁ ጠፋብኝ። ያን ቀን ጋራዡ ቀዝቃዛ ስለነበር ጓንት አምጥቼለት ነበር። «ጓንት ካደረግኩ ቡሎኑ አይሰማኝም» ብሎ መለሰልኝ። እኔም ጓንቱን ኪሴ ከትቼ መብራቱን አቀናሁለት። ያን ሁሉ ሰዓት ባዶ እጁን እያየሁ፣ የማየው እጅ የሚሰማ መስሎኝ ነበር። ቤት ገብቶ እጁን ሲታጠብም ውሃው ይሙቅ ይቀዝቅዝ አያውቅም ነበር ማለት ነው።

ሽማግሌው ማጥበቂያውን አላሉት፣ እንደገና በልኩ አሰሩት፣ ሽፋኑን መለሱ። የባለቤቴን ምልክቶች አልነኩም። ሞተሩን ሲያስነሡት ዋይታው የለም። አጠገባቸው ቆሜ ጠበቅሁ፤ ነዳጅ ሰጡት፣ አሁንም የለም።

«እንግዲህ ይኸው» አሉኝ ቁልፉን ሲሰጡኝ። የመኪናውን በር ይዘው ቆሙ፤ አልዘጉትም። «ሌላ የምትጠይቂኝ ነገር አለ?»

ሌላ የሚያውቁት እንዳለ ከአያያዛቸው ገባኝ። እዚህ ጋራዥ ስንት ጊዜ እንደመጣ፣ ሐኪሞቹ ለእሱ ብቻ የነገሩት ነገር ይኖር እንደሆነ፣ መጨረሻው መቅረቡን ከእኔ በፊት ለእኚህ ሰው ነግሯቸው እንደሆነ አላውቅም። ልጠይቃቸው ብል ያን ቀን ሳይደብቁ ይነግሩኝ ነበር፤ ተዘጋጅተው ነበር።

«የለም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

በሩን ቀስ አድርገው ዘጉልኝ። ከጋራዡ ወጥቼ ቀይ መብራት ላይ ቆምኩ። ማሞቂያውን አጥፍቼ አዳመጥኩ። ሞተሩ ደህና ነበር።