ዓለምሸት ለምን ተነሳች?

ፖሊስ ከደወለላት ወዲህ ዓለምሸት ዕረፍት አጣች። በቶሮንቶ ከተማ፣ ኖርዝ ዮርክ ሰፈር አረጋውያን በምትንከባከብበት ሥራዋም፣ ዌስተን ሰፈር ባለው ቤቷም ኑሮዋ ቁጭ ብድግ ሆነ። እሷንና ታናሽ ወንድሟን ከዓመታት በፊት በሰሃራ በረሃ ጭኖ የነዳቸው ደላላ ጀርመን ውስጥ ተይዞ፣ ለጣሊያን ተላልፎ ተሰጥቷል። እሷ ከቶሮንቶ በቪዲዮ ትመሰክርበታለች።

በቀጠሮው ጠዋት አንድ ቢሮ ውስጥ ስክሪን ፊት አስቀመጧት። ሻርፗን ስትጠመዝዝ፣ ስትፈታ ቆየች። ድንገት ስክሪኑ በራና ጣሊያን ያለው ችሎት ውስጥ ፖሊሶች አንድ ፀጉሩ የነጣ ሽማግሌ ደግፈው ሲያስገቡ ታየ። ራሱ ነው። ዓለምሸት ሳታስበው ከወንበሯ ብድግ ብላ እጅ ነሳች።

ጠበቃ የተባለ ፍጥረት ምን ያመልጠዋል? ተራው ሲደርስ የሰውዬው ጠበቃ መጀመሪያ የጠየቃት ይህንኑ ነበር። አስተርጓሚዋ አቀበለቻት፦ «በደለኝ ለሚሉት ሰው ለምን በአክብሮት ተነሱ?»

ፊቷ ጋለ። በራሷ ተናደደች፤ በአሳዳጊዎቿም ጭምር። ሻርፗን ለቀቀችው።

«ለታላቅ ተነሺ፣ ታዘዢ ተብዬ ነው ያደግሁት» አለች። «ወንድሜም እንደዚያው ነው ያደገው። በረሃው መሀል ይሄ ሰውዬ ‹መኪናው ከብዷል፣ ውረድ› ሲለው፣ ‹እሺ ጋሼ› ብሎ ነው የወረደው።»