በራሱ ክስ ላይ የተነሣ መቃወሚያ

የጎረቤታችንን ልጅ እውነተኛ ስም የሰፈሩ ሰው ከረሳው ቆይቷል። ሁላችንም «ክቡርነቱ» ነው የምንለው። ሕግ ትምህርት ቤት ከገባ ገና አራተኛ ዓመቱ ቢሆንም ራሱን ዳኛ አድርጎ የሾመው ከመግባቱ በፊት ነው። ጠዋት ፊቱን ታጥቦ ሲያበቃ ከመስተዋቱ ፊት አገጩን ቀና አድርጎ «ችሎቱ ተሰይሟል!» ሲል በስሷ ግድግዳ በኩል እንሰማዋለን። ችሎቱ ሲሰየም የእኛ ሕፃን ከእንቅልፉ ይነሣል።

ያሳደገችው የአባቱ እህት ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ፈጣሪ ይስጣትና በዚያች መርፌ ነው እዚህ ያደረሰችው። ማታ ማታ የወደፊት ሕይወቱን ሲዘረዝርላት ክር በጥርሷ እየበጠሰች ታዳምጠዋለች። መጀመሪያ ረዳት ዳኛ፣ ቀጥሎ ዳኛ፣ ከዚያ የችሎት ሰብሳቢ፣ ከዚያ ሹፌር ያለው መኪና።

«ያ መኪና የስፌት መኪናዬን ይጭንልኛል?» ትለዋለች።

«አክስቴ፣ የመንግሥት ንብረት ለግል ጥቅም አይውልም!»

«ወይ ጉዴ! ገና ሳትሾም ከለከልከኝ?»

ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ይህን መካድ ኃጢአት ነው። ትምህርት ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ነው፤ ክራቫቱ የተውሶ ቢሆንም ቋጠሮው የራሱ ነው። የሕግ መጻሕፍቱን በብብቱ ይዞ ሲሄድ ጡብ የተሸከመ ይመስላል። ካፌ ሰልፍ ላይ እግሩን የረገጠውን ልጅ አንቀጽ ጠቅሶ ሊከስሰው ዝቶበታል። ልጁ «ይቅርታ» ሲለው «ይቅርታህ እንደ እምነት ቃል ተመዝግቧል» አለው አሉ።

የመቃወም በሽታው መነሻ ግን ምስለ ችሎት ነው። ምስለ ችሎት ማለት ተማሪዎች የሌለ ሰው የሌለ ንብረት ወሰደ ብለው በእውነተኛ ንዴት የሚከራከሩበት ውድድር ነው። ክቡርነቱ ዕጣ ሲወጣ ሁልጊዜ በተከሳሽ በኩል መቆም ይደርሰዋል። ተከሳሽ ደግሞ ዋናው ክርክር ሳይጀመር «ይህ ክስ እዚህ ሊታይ አይገባም»፣ «መከሰስ ያለበት ሌላ ሰው ነው» እያለ መቃወሚያ ሊያነሣ ይችላል። ባለፈው ዓመት ፍጻሜ ላይ እንዲህ ባለ አንድ መቃወሚያ ከሳሾቹን አፋቸውን ሳይከፍቱ ሸኛቸው። ዋንጫ ተሸለመ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ ሰላም አጣ።

«ወተቱን እሳት ላይ ጥዶ የወጣው አንተ አይደለህም?» ትለዋለች አክስቱ።

«መሪ ጥያቄ ነው፤ መልሱን በአፌ እያስገባሽ ነው፤ እቃወማለሁ።»

«ድስቱንም እየተቃወምክ እጠበው።»

ከዚህ በኋላ ነው እውነተኛው ጉዳይ የመጣው። አክስቱ የምትሠራበት ሱቅ ጣሪያው ያፈስስ ነበር። እሷም ለአከራዩ ደጋግማ ብትነግረው አልሰማ ሲላት ለደንበኞቿ ሁሉ ተናገረች። አከራዩ ነገሩ ከነከነውና «ጣሪያውን ላድስ ነው» ብሎ በሩን በአዲስ ቁልፍ ቆለፈው። ጣሪያውን ግን አላደሰም። የስፌት መኪናዋና የቆረጠችው ጨርቅ ውስጥ ቀረ። ጨርቁ የሰፈር ልጆች የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነበር፤ ትምህርት ሊከፈት ደግሞ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። እናቶች በየቀኑ በሯን ያንኳኳሉ። ደንበኛ አንዴ ከሄደ እንደ ፈሰሰ ውኃ ነው፤ ይህን እሷም እኛም እናውቃለን።

ክቡርነቱ ደረቱን ነፋ። «ለእኔ ተይው!» አለ። ክሱን ጻፈ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ አድርጎ ነበር የጻፈው። በዚያ ችሎት ዘመድ ለዘመዱ መናገር ስለሚፈቀድለት፣ በቀጠሮው ዕለት ጫማውን አስጠርጎ፣ የተውሶ ክራቫቱን አስሮ ከአክስቱ ጎን ቆመ። እኔም አንድ ሁለት ጎረቤት አስከትዬ ከኋላ ተቀመጥኩ።

አከራዩ ጠበቃ አልያዘም። ሌሊቱን ሚስቱ ስትቆጣው ያደረች መሆኗ ከፊቱ ይነበባል። የኪራይ ውሉን ለዳኛው አቀበለና «ጌታዬ፣ እድሳት የእኔ ድርሻ መሆኑ እዚህ ተጽፏል። ላድስ ብዬ ነው እንጂ...» አለ፤ ድምፁም አለቀ።

ዳኛው፣ ትዕግሥተኛ ሽማግሌ ናቸው፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «እድሳቱ ይቆይ። የሴትዮዋን መኪና አሁን ብትሰጣት ምን ትጎዳለህ?»

«ኧረ ምንም። ቁልፉም ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው።»

የአክስትየዋ ፊት ፈካ። የአከራዩ እጅ ወደ ኪሱ ገባ። በዚህ መካከል ክቡርነቱ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ውል አንገቱን አስግጎ አየና ዓይኑ በራ። ሱቁ የአከራዩ ሚስት ከወላጆቿ ያገኘችው ነበር፤ ውሉ ላይ ያለው ፊርማም የእሷ ነው።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ መቃወሚያ አለኝ!»

«ምኑን ነው የምትቃወመው? ሊሰጣችሁ ነው እኮ።»

«ይህ ሰው የሱቁ ባለቤት አይደለም! በዚህ ጉዳይ ሊከሰስ አይችልም!»

ዳኛው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ከሳሽ እናንተ ናችሁ አይደል?»

«አዎ፣ ክቡር ፍርድ ቤት!»

«የከሰሳችሁት ደግሞ ሊከሰስ የማይገባውን ሰው ነው እያልከኝ ነው?»

«በትክክል!» አለ፤ ፊቱ ዋንጫ እንደሚጠብቅ ሰው ያበራል። አክስቱ የኮቱን ጫፍ ብትጎትተውም አልተሰማውም። ነገሩ የገባው ዳኛው «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ትክክለኛዋን ሰው መክሰስ ትችላላችሁ» ብለው ሲነሡ ነው። ያን ጊዜ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አጠገቡ ወንበር ስላልነበረ መሬት ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

ኮሪደሩ ላይ አክስቱ አከራዩን «ጋሼ፣ እባክዎ ቁልፉን» አለችው።

«እትዬ፣ ምን በወጣኝ! ባለቤት አይደለሁም ተብያለሁ። የሰው ንብረት ልስጥሽና ልታሰር?» እየሳቀ ደረጃውን ወረደ።

አክስቱ ቤት ገብታ ባዶ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ጣቶቿ ግን የሌለ ክር ይፈትሉ ነበር። ለልጁ ከስድብ ሁሉ ይህ ሳይከፋበት አልቀረም። ክቡርነቱ አዲስ ክስ ሊጽፍ ወረቀት አወጣ፣ መልሶ አስቀመጠ፣ ክራቫቱን ፈታና ወደ አከራዩ ቤት አመራ።

የአከራዩን ሚስት ስም ሰፈሩ በሹክሹክታ ነው የሚያነሣው። የዚያ ቀን ታሪክ በባሏ አፍ፣ ሳቁም ተጨምሮበት፣ ቀድሞት ደርሷል። በሩን ከፍታ የሳሙና አረፋ ከእጇ እያራገፈች ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ማን ነህ አንተ?»

«የከሳሽ ተወካይ...»

«ውክልና አለህ?»

ያጠናው አንቀጽ ሁሉ ጥሎት ሸሸ።

«የልብስ ሰፊዋ የወንድም ልጅ ነኝ፣ እትዬ» አለ በመጨረሻ።

«እንዲያ በል እንጂ። ምን ፈልገህ ነው?»

«መኪናዋን። ሰኞ ትምህርት ይከፈታል። ልጆቹ የሚለብሱት የላቸውም፤ እሷም... እጇ ሥራ ፈትቶ ማየት አልቻልኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሴትዮዋ ወደ ውስጥ ዞራ «አንተ! ያንን ቁልፍ አምጣ!» ብላ ጮኸች።

«እኔ እኮ አይመለከተኝም ተብሎ...» አለ ባሏ ከጓዳ።

«አምጣ አልኩህ!»

አከራዩ ብቅ አለና ቁልፉን ለልጁ መዳፍ አስረከበ። «በል ተቀበል፤ የዚህኛው ችሎት ይግባኝ የለውም» አለው በሹክሹክታ።

እሑድን ሙሉ ከዚያ ቤት የመኪናው ድምፅ አልተቋረጠም። ክቡርነቱ ጥናቱን ትቶ የሱሪ ጫፍ ሲያጥፍ ዋለ። ተመስገን፣ ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ሁሉ አዲስ ለብሰው በደጃችን አለፉ። ብዙም ሳይቆይ አንዷ እናት የልጇን እጅ ይዛ ተመልሳ መጣች። የልጁ ሱሪ አንዱ እግሩ ከሌላው ያጥራል።

«ይህን የሰፋው ማን ነው? ዓይን የለውም?»

አክስቱ ከመኪናዋ ቀና ብላ አየችው። እኛም ከደጃፋችን ሆነን ጠበቅን። እሱ ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጎንበስ ብሎም የሱሪውን ጫፍ አየ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ያውልቀው፤ አሁኑኑ ፈትቼ አስተካክለዋለሁ።»