ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ ከመኪና አልወርድም አልኩ

ነገሩ የሆነው ባለፈው የብርድ ወቅት ነው። ሰው ሲስቅበት አብሬ እስቃለሁ። ብቻዬን ሳስበው ግን እስካሁን ፊቴን ያቃጥለኛል።

እኔ የወሎ ሰው ነኝ። አድ-ዳኢር ተራራ ላይ የአንድ ሳዑዲ የቡና እርሻ ውስጥ እሠራለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ሰይድ የአገሬ ልጅ ነው። አሽ-ሹቀይቅ፣ ባሕሩ ዳር፣ አጎቷ ዘንድ ያለች ልጅ ወደደና "ጋሼ፣ በስደት አባቴም ሽማግሌዬም እርስዎ ነዎት፤ ይጠይቁልኝ" አለኝ። እሺ አልኩ። ነጩን ጀለቢያዬን አጥቤ ለበስኩ።

የሄድነው በከፊላችን፣ ማለትም በአሠሪያችን በሳዑዲው፣ አሮጌ ፒክአፕ ነው። ጠዋት ተራራው ጉም ለብሶ ስለነበር ሰይድ ለእኔ ብሎ ማሞቂያውን ከፈተ። ቆላው ስንደርስ ሊዘጋው ቢል እምቢ አለ። ማንሻውን ወደ ቀዝቃዛው ገፋው፤ ያው ነው። መኪናውን አቁሞ ዳሽቦርዱ ሥር ጎንበስ አለና ሽቦውን ነካካ። ሽቦው ይንቀሳቀሳል፤ ሙቀቱ ግን አይቀንስም።

"በልፉ ክፍት እንደሆነ ነክሶ ቀርቷል" አለ። በልፍ የሚሉት የሞተሩን ሙቅ ውኃ ወደ ማሞቂያው የሚያሳልፈውን መዝጊያ ነው። ራዲያተሩን ሲያይ ውኃው ጎድሏል፤ መኪናው ሥር ግን ጠብታ የለም። "ይሄ ውኃ የት ነው የሚገባው?" እያለ ሞላውና "ያላ፣ ስንመለስ አየዋለሁ" ብሎ ነዳ።

በዚያ ወበቅ ላይ የማሞቂያው ሲጨመር እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ አጎትየው በር ላይ ቆመናል። ጀለቢያዬ ከጉልበቴ እስከ ጫፉ ርሷል። እግሬ ሥር ምንጣፉ ላይ ቢጫ ውኃ አቁሯል፤ ነካሁት፣ ለብ ያለ ነው። እኔ ስኳር አለብኝ። ሽንት ቶሎ ቶሎ ይለኛል፤ እግሬም ስለሚደነዝዝ ብዙ ነገር አይሰማኝም። ክው አልኩ። ለሽምግልና መጥቼ ሸናሁ።

"ይውረዱ እንጂ ጋሼ፣ እየጠበቁን ነው።"

"አልወርድም።"

"ምን አጠፋሁ?"

"ኸላስ፣ መልሰኝ።"

ልጄ ለሚሆን ሰው ምን ብዬ ልንገረው? ይህን ስንባባል አጎትየው ወጣ። እኔን አየ፣ ሰይድን አየ። "ሽማግሌው በር ላይ እንቢ ካለማ፣ ስለ ልጁ የሚያውቀው ጉድ አለ" ብሎ ወደ ቤቱ ዞረ። አልፈርድበትም። እኛ አገር ሽማግሌ ከደጅ ከተመለሰ ጠያቂው አበቃለት። ሰይድ ዓይኑ እንባ ሞላ።

አላስችል አለኝ። አጎትየውን ጠርቼ በመስኮቱ በኩል ጆሮው ላይ "ልጁ እንከን የለበትም። ጉዱ የእኔ ነው፣ ልብሴ ላይ ሸንቼ ነው" አልኩት።

አጎትየው ቤት ገባና ሽርጥ በብብቱ ይዞ መጣ። "አብሽር፣ በሽታ ነውር አይደለም" ብሎ ሰጠኝ። ቀይሬ፣ ታጥቤ ገባሁ። ልጅቷን ጠየቅኩ፣ ሰጡን፣ ዱዓ ተደረገ። እኔ ግን ቀና ብዬ የማንንም ፊት አላየሁም።

ተሰናብተን ጥቂት እንደሄድን ሰይድ መኪናውን አቁሞ ምንጣፉን ሊጨምቅልኝ ሲያነሳ ከዳሽቦርዱ ሥር እጁ ላይ ጠብ አለበት። አሸተተው፤ ዝገት ዝገት ይላል። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ የራዲያተር ውኃ ነው!" በልፉ አንገቱ ላይ ያንጠባጥብ ኖሯል፤ ጠዋት ሲነካካው ብሶበታል። ሁለቱን ጎማ ቱቦ ከበልፉ ነቅሎ እርስ በርሳቸው አገናኝቶ አሰራቸው። ጠብታውም ሙቀቱም ቆመ።

ተመልሼ ልንገራቸው አለ። ተው አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በገዛ አፌ ሸናሁ ብዬ፣ አሁን መኪናው ነው ብል ማን ያምነኛል? እሱ ግን አላስቻለውም፤ የኒካሁ ቀን ለአጎትየው ነገረው። ሰውየው በትዕግሥት ሰማውና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "እሺ፣ መኪናው ነው" አለኝ።

ዛሬም እነሱን ልጠይቅ ስሄድ፣ ገና ሳልቀመጥ አጎትየው እጄን ይዞ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ይወስደኛል። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱን እምቢ ማለት ያሳፍረኛል። ስለዚህ ሽንቴ ሳይመጣብኝም እገባለሁ፣ ትንሽ ቆሜ፣ ውኃ ለቅቄ እወጣለሁ።