የአረፋ ሳሙናና ያልሰጠመው እንቁላል

እርጥብ አመድና የቀለጠ ሞራ ባንድ ላይ ሲሸቱኝ፣ ደሴ ላይ ያደግሁበት ግቢ ከነጭቃው ይመጣብኛል። ሽታው ደስ ይላል ብዬ አልዋሽም፤ እማ ግን መጨረሻ ላይ የተወቀጠ ጥቁር አዝሙድ ጣል ስታደርግበት ያ ሁሉ ተረስቶ፣ ጎረቤቱ በአጥር ብቅ እያለ «ዘንድሮም ሳሙናው ሆነ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ሥራው የሚጀምረው በክረምት ነበር። እማ ከቆርቆሮው አሸንዳ ሥር በርሜል ደቅና የዝናብ ውሃ ታጠራቅም፣ የወይራ አመድም ነፍታ እርጥበት በማይደርስበት ጥግ ታኖር ነበር። እሳት ሊጭር የመጣ ጎረቤት ፍም ይዞ ይሄዳል እንጂ፣ አመድ የሚባል ነገር ከቤታችን አይወጣም።

መስከረም አልፎ ብርዱ ሲጠና፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ፊታችንን እያነጣ እጃችንን ይሰነጣጥቀው ነበር። ከሁላችን የባሰባት አብራን የምትኖረው የእማ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ዘይነብ ነበረች፤ የሱቅ ሳሙና የነካት እንደሆነ ፊቷ ቀልቶ ስለሚያሳክካት፣ ከእማ ሳሙና በቀር አታስጠጋም። የዚያን ዓመት ደግሞ ለደጋን ከተማ ሰው ታጭታ፣ ሰርጓ ለጥር ተቆርጦ፣ ያለፈው ዓመት ሳሙና የጥፍር ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር።

አረፋ ኅዳር ላይ ዋለ። በጉ ታርዶ ሞራው ቀልጦ ተጠለለ፤ እማም ሥሩ በተበሳ ማሰሮ አመድ ሞልታ፣ የዝናቡን ውሃ እያፈሰሰች የአመድ ውሃውን አንጠባጠበች። ጥንካሬው የሚለካው በእንቁላል ነው፤ የዕለት እንቁላል ሲጣልበት ከሰጠመ ገና ነው፣ ጫፉን ብቅ ካደረገ ደርሷል። እንቁላል የማምጣቱ ሹመት የኔ ነበርና፣ በኩራት እየዘለልኩ ስመጣ ከእጄ አምልጦ ፍርጥ አለ። ሌላ የዕለት እንቁላል ስላልነበረ፣ እየተርበተበትኩ ዶሮዋ አቅፋቸው ሳይፈለፈሉ ከቀሩት አንዱን አንስቼ ሰጠኋት። ገና ሲጣል ብቅ አለ።

«ማሻአላህ! እንዲህ ባንድ ጊዜ ደርሶ አያውቅም» አለች እማ። እኔም አብሬ ማሻአላህ አልኩ።

ሳሙናው ግን እምቢ አለ። ሞራው ከአመድ ውሃው ጋር ተጥዶ ሁለት ቀን ሙሉ ተማስሎ፣ ጨውም ተነስንሶበት፣ ሊረጋ ቀርቶ እንደ ቀጭን አጥሚት ሆኖ ቀረ። ዘይነብ ከማማሰያው ላይ ሲንጠባጠብ እያየች፣ «በቃ፣ ሙሽራ ሆኜ ፊቴን እያከክሁ ልቀመጥ ነው» ብላ አለቀሰች። እማ ደግሞ ጥፋተኛ ፈልጋ አላጣችም፤ ድስቱ የተጣደ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ በአጥር ብቅ ብለው «እንዴት ያለ ሞራ ነው!» ብለው ነበር።

«ማሻአላህ እንኳ ሳይሉ! የሳቸው ዓይን ነው» አለች፤ ከዚያም ወዲህ ሰላምታቸውን በአንገቷ ብቻ ትመልስ ጀመር።

እትዬ ፋጡማ ማለት፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ኪሴን በገብስ ቆሎ የሚሞሉልኝ ሴት ነበሩ። ሦስት ቀን ቻልኩት። በአራተኛው ቀን ቆሎውን ሳልቀምሰው ሮጬ እማ ፊት ቆሜ «ዓይን አይደለም! እንቁላሉ ነው፣ ሳይፈለፈል የቀረ ነው የሰጠሁሽ!» ብዬ ፈነዳሁ። እማ ከቀሩት አንዱን አምጥታ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ብትጥለው፣ ያም ተንሳፈፈ። የተበላሸ እንቁላል ለካ የትም ቢጥሉት አይሰጥምም፤ የአመድ ውሃው ገና ሳይጠነክር ነበር ማለት ነው።

ቁንጥጫ ፈርቼ ጭኔን ይዤ ብቆም፣ እማ ሻሿን አስተካክላ እጄን እየጎተተች እትዬ ፋጡማ ቤት ይዛኝ ገባች።

«አውፍ ይበሉኝ እትዬ፤ ያለጥፋትዎ በዓይን ጠርጥሬዎት ነበር» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

እትዬ ፋጡማ ነገሩን ሲሰሙ እስኪያነቡ ሳቁ። «ምን አስቀየምኳት እያልኩ ስጨነቅ! ወላሂ፣ ይሄ ዓይን የመርፌ ቀዳዳ ማየት አቅቶት የሰው ሞራ በምን አቅሙ ይበላል? አብሽሪ። አመዱ አልቆብሽ ይሆናል፣ የኔን ውሰጂ» አሉና ጓዳ ገብተው አንድ ጆንያ አመድ ጎትተው አወጡ።

በዚያ አመድ ጠንካራ ውሃ ወረደ፤ እንቁላሉንም ከዶሮ ቤታቸው ራሳቸው ይዘው መጡ። ያ አጥሚት እንደገና ተጥዶ፣ ሁለቱ ሴቶች በየተራ እያማሰሉ፣ በማግስቱ ረግቶ አደረ። ጥር ላይ ዘይነብ ፊቷ ጥርት ብሎ፣ ሳሙናዋን በሻሽ ጠቅልላ ወደ ደጋን ስትሸኝ፣ ከሁሉ በላይ እልል ያሉት እትዬ ፋጡማ ነበሩ።

አሁን የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ብርዱ እንደ ደሴ አይደለም፤ ሱቁም በወረቀት የተጠቀለለ፣ ሽታው ከእማ ሳሙና የሚበልጥ ሳሙና ሞልቶታል። ዘይነብ ግን ዛሬም ከደጋን ባዶ ጣሳ ስለምትልክብኝ፣ በየአረፋው አንድ ድስት እጥዳለሁ። እማ ያልነበራት አንድ ልማድ አለኝ፤ እንቁላሉን ከአመድ ውሃው በፊት በንጹሕ ውሃ እሞክረዋለሁ። እትዬ ፋጡማ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ዛሬ የሉም፤ እኔም ብሆን እንቁላሉ መስጠሙን ሳላይ ማንንም አልጠረጥርም።