ከቀለበቱ በስተግራ

በዚህ ክረምት ቡድናችን ሦስት ሰው ጨመረ። አንዷ ከሐሙሲት ተዛውራ የመጣች መምህርት ናት፤ ከሩቅ መወርወር ትችልበታለች። ሁለተኛዋ ነርስ ናት፤ ሮጣ አይደክማትም። ሦስተኛዋ ከእብናት የመጣች ልጅ ናት፤ አጠገቧ ስቆም ትከሻዋ ላይ አልደርስም። የደብረ ታቦር ሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን እንዲህ ያለ ዝውውር አይቶ አያውቅም። ከሜዳው አጥር ማዶ የሚሠራው ጎሚስታ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝበት አሰልጣኝ የሆነ ይመስል የሚጮኽብን ሰውዬ፣ "ዘንድሮ ባሕር ዳር ሄዳችሁ ዋንጫውን ካላመጣችሁ ጎማ መንፋት እተዋለሁ" ማለት ጀመረ።

እኔ ፊቴን ወደ ሜዳው አዞርኩ። ኳስ አቀባይዋ እኔ ነኝ። ቡድኑ ለዋንጫ ይበቃል አይበቃም የሚለው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ፊት ነው፤ ፊቴ ደግሞ መዋሸት አይችልም።

ሦስት ብንጨምርም አንድ ጎድሎብን ነበር። ከትምህርት ቤት ጀምሮ አብራኝ የተጫወተች ጓደኛዬ ሰኔ ላይ ዘመድ ጥየቃ ቆላ ወርዳ ወባ ይዟት ተመለሰች። ጉንፋን ነው አለች፤ እኛም አመንናት። ሐምሌ ሲገባ ቀበርናት።

ቦታዋ ከቀለበቱ በስተግራ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ሳላያት ነው ያቀበልኳት። መሞቷን ለእጄ የነገረው የለም መሰለኝ። ሲሚንቶው ላይ የተኛውን የዝናብ ውሃ በመጥረጊያ ጠርገን ልምምድ እንጀምራለን፤ ትንሽ እንደተሯሯጥን ኳሷን ወደ ግራ እልካታለሁ፤ ሰው የለም፤ አጥሩን መትታ ጭቃ ውስጥ ትገባለች። ማንም አይቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሌሎቹ ነባሮችም ሰው የተኛበት ይመስል ያንን ቦታ እየዞሩ ነው የሚሮጡት።

አሰልጣኛችን ነገሩ ገብቶት የእብናቷን ልጅ "አንቺ ግራውን ያዢ" አላት። አንገቷን ደፍታ "ጋሼ፣ የሰው ቦታ ነው፤ እዚያስ አልቆምም" አለችው። ተቆጣ፤ ለመነ፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። በዚሁ ሁኔታችን ከባሕር ዳር ከመጣ ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ገጠምንና ተዋርደን ወጣን። ጎሚስታው እንኳ ጀርባውን ሰጥቶን ጎማውን ነፋ።

እኔ የፈራሁት ግን መሸነፉን አልነበረም። የእብናቷ ልጅ ከጓደኛዬ ትበልጣለች። ገና የመጀመሪያ ቀን፣ ኳስ ስትይዝ አይቼዋለሁ። እሷን ይዘን ብናሸንፍ ሰው ምን ይላል? ጓደኛዬ በመሞቷ ተሻልን ማለት ነው? ይህን ለማንም አልተነፈስኩም። ከልምምድ ስመለስ ከኋላዬ የሟቿ ጓደኛዬ የረጠበ ጫማ እንደ ድሮው ሲጮኽ እሰማ ነበር፤ ፈርቼ አልዞርም፤ ሲጠፋብኝ ደግሞ ይከፋኛል።

የአርባዋ ዕለት ቡድኑ በሙሉ ለተዝካር እናቷ ቤት ሄድን። ቡሄ ደርሶ ስለነበር ከሰፈሩ የጅራፍ ጩኸት ይሰማል። እናቷ ጥቁር ለብሰው ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠዋል። የእብናቷ ልጅ ጎንበስ ብላ ስትገባ ከእግር እስከ ራሷ አዩአትና እኔን ጠሩኝ።

"ነይ እስኪ ልጄ። ያመጣችኋት ይችን ነው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ከእኔዋ ትበልጣለች?"

"በቁመት ትንሽ..."

"ቁመቷንማ እያየሁት! ጨዋታውን ነው የጠየቅሁሽ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰዉ ሁሉ መብላቱን ትቶ የሚያየኝ መሰለኝ። ልዋሽ አሰብኩ፤ ግን ዓይናቸው ቁርጥ የልጃቸው ነው።

"አዎ፣ ትበልጣለች" አልኩ።

የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ሲጠቀልሉ ቆዩ።

"ታዲያ ለምን ተሸነፋችሁ?" አሉኝ።

የእብናቷ ልጅ አጠገባቸው ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቦታው እንደሚያስፈራት፣ የሌላ ሰው ቦታ መርገጥ ነውር እንደሚመስላት። እማማ እጇን ይዘው አዳመጡ።

"ልጄ ብቻዋን መሆን አትወድም ነበር" አሏት። "ሂጅና አብረሻት ቁሚ።"

ከዚያ በኋላ ቆመች። መጀመሪያ ሰሞን ወደዚያ ስትሄድ ታማትብ ነበር፤ አሁን ትታዋለች። እኔም ሳላይ ወደ ግራ አቀብላለሁ፤ ኳሷ እጅ ውስጥ ስትገባ፣ ቀጥሎ መረቡን ስትነካ እሰማለሁ። ማሸነፍ ጀምረናል። ጎሚስታው "ለዋንጫ ትደርሳላችሁ?" ሲለኝ "እንደርሳለን" እለዋለሁ፤ እውነቴን ነው።

ካቀበልኩ በኋላ ግን እስከ ዛሬ ወደ ግራ ዞሬ አላየሁም። ካየሁ የእብናቷ ልጅ ብቻ ናት የምትሆነው።