የባሌ ጡረታና የቁርባን ወረቀታችን

ባሌ ቢቸና ፖሊስ ጣቢያ አሥር አለቃ ሆኖ ሲያገለግል በሳንባ ሕመም ሞተ። ሳምንቱ ሳይሞላ ከጣቢያው ሁለት ሰዎች መጥተው ካፖርቱን፣ ቀበቶውንና ጫማውን ተረከቡኝ፤ የመንግሥት ንብረት ነው። ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምሁ። ያን ጊዜ ሚስቱ መሆኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ጥያቄው የመጣው ጡረታውን ልጠይቅ ስሄድ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ባሌ በሞተበት ዓመት ከልጆች ጋር ተደባልቄ ሰባተኛ ክፍል ደርሼ ነበር። ጡረታው ከቀረ ትምህርቱን ጥዬ ጠላ ልሸጥ ነው። ጠላ መሸጥ ነውር ሆኖብኝ አይደለም፤ ጂኦግራፊ መውደድ ጀምሬ ነበር።

የጋብቻ ማስረጃ አምጪ ተባልሁ። የተጋባነው ሞጣ፣ በቁርባን ስለሆነ እዚያው ድረስ ሄጄ የደብሩ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አመጣሁ። የጡረታ ቢሮው ጸሐፊ ከባሌ ማኅደር ጋር አመሳከረው።

«ጓዲት፣ እዚህ የተጻፉት ሰዎች እነማን ናቸው?»

«እኔና ባሌ ነን። ቁርባን በክርስትና ስም ነው።»

«መንግሥት የክርስትና ስም አያውቅም።»

«አንተስ የቆረብኸው በየትኛው ስምህ ነው?»

ወደ በሩ አየ። በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤት ውስጥ ስለ ቁርባን ማውራት አያስወድድም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የዓለም ስማችሁን አስጽፈሽ ነይ» አለኝ።

እንደገና ሞጣ። መኪናችን ግንደወይን ላይ ተበላሽቶ ግማሽ ቀን ቆመናል። ያጋቡን ቄስ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ምኑ ጎደለ?»

«የዓለም ስማችን፣ አባ።»

«በዓለም ስም ማን ይቆርባል? ያልሆነውን ጻፉ ትይኛለሽ?»

«እሺ፣ ስሙን ይተዉት። ሰውየውን ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቀው! የቢቸና ፖሊስ። ለቁርባኑ የመጣ ዕለት ከነቆቡ ሊገባ ሲል እኔው ነኝ ያስወለቅሁት።»

«እንግዲያው ይህንኑ ይጻፉልኝ።»

ጻፉ፤ ቆቡንም አልተዉ። አንድም አራት ነጥብ የሌለው ረጅም ዓረፍተ ነገር ነበር። ላርመው እጄን እየበላኝ አጥፌ ያዝሁት።

ጸሐፊው አንብቦ «ይህ ይሻላል» አለ። ከሦስት ወር በኋላ ክፍያ ተፈቀደልሽ ተባልሁና ሄድሁ። ከፋዩ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ ሰልፉ ሁሉ እስኪሰማ፣ በክርስትና ስሜ ጠራኝ። ከነፍስ አባቴና ከእናቴ በቀር ማንም የማይጠራኝ ስም ነው። ያ ጸሐፊ መንግሥት አያውቀውም ያለኝን ስም ከደብሩ ወረቀት ገልብጦ የጡረታ ደብተሬ ላይ አስፍሮታል። ይታረምልኝ ብል የሚከተለውን አውቀዋለሁ፦ ደግሞ ማመልከቻ፣ ደግሞ ሞጣ፣ ደግሞ ሦስት ወር። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በሳምንቱ ነው።

«አቤት» አልሁ።